ሃያ ለሃያ አንድ

ኮልፌ ስመደብ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ ደሞዝ መቀበሉም፣ «ሚስ» ተብሎ መጠራቱም እንግዳ ነገር ሆኖብኝ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከገበያው ወደ ላይ ሲኬድ ባሕር ዛፉ መሀል ያለ፣ ቆርቆሮ የለበሰ የጭቃ ቤት ነው። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ሲንጫጫ የራሴን ድምፅ እንኳ ስለማልሰማ፣ ጠመኔዬን አስቀምጬ እስኪያባራ ከልጆቹ ጋር ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። የተሰጠኝ ሁለተኛ ክፍል ነበር፤ አርባ አንድ ልጆች። ገሚሶቹ የወተት ጥርሳቸውን ያልጨረሱ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ጢም ለማብቀል ትንሽ የቀራቸው ናቸው። ያኔ ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባው ዕድሜው ሲደርስ ሳይሆን ለቤቱ ሲመች ነበር።

ያን ዓመት የምክር ቤት ምርጫ ነበር። የተወዳዳሪዎቹ ፎቶግራፍ በየአጥሩና በየሉካንዳው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ማንበብ ለማይችለው ሰው ሲባል ከሥሩ ምልክት ተስሎበታል፤ የአንዱ ፋኖስ ነው፣ የአንዱ ማረሻ፣ የአንዱ ሰዓት። ልጆቼ ሲመጡም ሲመለሱም እሱን እያዩ ነው። አንድ ቀን በግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ አንዱ እጁን አወጣና ባለ ፋኖሱ ሰውዬ ምን አጥፍቶ ነው የተለጠፈው ብሎ ጠየቀኝ። ሌላው ተቀበለና ከብት ሰርቆ ነው አለው። ሳቄን ዋጥ አድርጌ፣ ሰውዬው ምንም አላጠፋም፣ ሰው እንዲመርጠው እየለመነ ነው አልኳቸው። ይሄ ደግሞ ከሌብነቱ ይበልጥ ግራ አጋባቸው። ኮት የለበሰ ትልቅ ሰው ምን ጎድሎት ይለምናል?

እኔ ደግሞ ዴሞክራሲ የሚለውን ቃል ከማሠልጠኛው እንደ አዲስ ጫማ ይዤው የመጣሁ ሰው ነኝ፤ የማደርግበት ቦታ ስፈልግ ነው የከረምኩት። ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩላቸው። አርባ አንዱም በዜማ ደጋገሙት፣ አንዳቸውም አልገባቸውም። እውነቱን ለመናገር እኔም የማውቀው ከመጽሐፍ ነው። ለመምረጥ ሃያ አንድ ዓመት መሙላት ያስፈልግ ስለነበር እኔ ራሴ አንድ ዓመት ይጎድለኝ ነበር። ስለዚህ በቃል ከምደክም በሥራ ላሳያቸው ብዬ፣ የክፍላችንን አለቃ ዘንድሮ በምርጫ እናድርግ አልኩ።

የክፍል አለቃነት ያኔ ቀላል ሹመት አልነበረም። ጠመኔ የሚያመጣው አለቃው ነው፤ ሰሌዳ የሚያጠፋው፣ መምህር ሲወጣ የሚያወሩትን ልጆች ስም የሚመዘግበው እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ሲያልቅ ደግሞ ሌላው ሁሉ ሲሄድ እሱ ቀርቶ፣ ወለሉን አስጠርጎ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ በሩን አስቆልፎ ነው የሚወጣው። ያንን አለቃ እስከዚያ ዓመት ድረስ ሲሾም የኖረው መምህሩ ነበር።

ዳይሬክተራችን ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ፈቃድ ልጠይቃቸው ስገባ መነጽራቸውን አውልቀው በመሀረብ እየጠረጉ አዳመጡኝና፣ «በሹመት ሲሆን እኮ ልጄ፣ ያልተሾመው የሚቀየመው አንቺን ብቻ ነው» አሉኝ። «በምርጫ ሲሆን ግን እርስ በርሳቸው ነው የሚቀያየሙት።» ከዚያ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍ አየት አድርገው፣ ይሄን ያልኩት ስለ ልጆቹ ነው ብለው ጨመሩ። ፈቀዱልኝ፤ እኔ ግን ፈሪ ሽማግሌ ናቸው ብዬ ወጣሁ። በሃያ ዓመቴ ሰው የሚፈራው ከሸበተ በኋላ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሁለት ልጆች ለመወዳደር ተነሡ። አንደኛዋ የጡረተኛ ወታደር ልጅ ናት፤ ከፊት ወንበር የማትጠፋ፣ ስትናገር ከመንገድ ማዶ የምትሰማ፣ እንደ አባቷ ቀጥ ብላ የምትሄድ። ሁለተኛው ኮልፌ ገበያ ጨው የሚሸጡ ሰው ልጅ ነው። ዝምተኛ ነው፤ ዕድሜው አሥራ አንድ ይሆናል። ታናሽ እህቱም እዚያው ክፍል ውስጥ ናት፤ አንድ ዴስክ ላይ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት።

እሷ ስምንት ዓመቷ ነው። ታላቅና ታናሽ እንዴት አንድ ክፍል ገቡ ብዬ ያሰብኩት ነገር ነበር፤ አባትየው ትምህርት ሲከፈት ልጆቹን ይዘው የመጡ ቀን አጫወቱኝ። ልጁ በጊዜው ሊገባ ሲል፣ እህትህ ትድረስና አብራችሁ ትገባላችሁ፣ ብቻዋን አልልካትም ብለው አስቀሩት። እሱም ሦስት ዓመት ሙሉ አባቱ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እኩዮቹ ደብተር ይዘው ሲያልፉ እያየ እህቱ እስክታድግ ጠበቀ። ከገቡ በኋላም አንድ ቀን እሱን ትኩሳት ይዞት ልጅቷ ብቻዋን ስትመለስ፣ ከሉካንዳዎቹ ጀርባ አጥንት የሚጠብቁት ውሾች መንገድ ላይ አገኟትና አንዱ ባቷን ነከሳት። ለዕብድ ውሻ ተብሎ ሆዷ ላይ አሥራ አራት መርፌ ተወጋች። ከዚያ ወዲህ እሱ ከሌለ ከቤት አትወጣም።

አለቃነቱን እንዴት አድርጎ እንደፈለገው እስካሁን ትዝ ይለኛል። ለመወዳደር ስሙን ያስመዘገበ ዕለት ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቆ ወደ ጠረጴዛዬ መጣና፣ አለቃ የሚሆነው ልጅ ስም ዳይሬክተሩ ዘንድ ይጻፋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይጻፋል አልኩት። «ብቻውን ነው የሚጻፈው?» አለኝ። አዎ ብቻውን ስለው ፊቱ በራ። ይሄ ልጅ ስሙ ያለ እህቱ ስም ተጠርቶ አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ለውድድሩ ሁለት የዱቄት ወተት ጣሳ አዘጋጀሁ። ገና ማንበብ ለሚያዳግታቸው ብዬ አንዱ ላይ ጃንጥላ፣ ሌላው ላይ ዶሮ የሳልኩበት ወረቀት ለጠፍኩ፤ ጃንጥላው የልጅቷ፣ ዶሮው የልጁ ነው። እስከዚህ ደህና ነበር። ችግሩ ድምፅ መስጠት የሚለውን ነገር ለማስረዳት ስሞክር መጣ። ድምፅ እንዴት ይሰጣል፣ ድምፅ በእጅ ይያዛል ወይ እያሉ ሲያስጨንቁኝ፣ ሁላቸውም የሚያውቁትን ነገር ፈለግሁና ቅርጫ መጣልኝ። እንደ ቅርጫ ዕጣ ነው፣ ነገ ሁላችሁም ከቤታችሁ አንድ አንድ ትንሽ ነገር ይዛችሁ ኑ፣ በምትመርጡት ልጅ ጣሳ ውስጥ ትጥሉታላችሁ አልኳቸው። ክፍሉ ሁሉ ገባን ገባን አለ፤ እኔም ባገኘሁት ዘዴ ኮራሁ።

ቅርጫ የማያውቅ ልጅ ኮልፌ ውስጥ አልነበረም። እስላሙም ክርስቲያኑም በየበዓሉ በየፊናው ተዋጥቶ በሬ ይጥላል። ሥጋው ከባለ ድርሻው ቁጥር ጋር እኩል መደብ ይመደብና፣ እያንዳንዱ ሰው የኔ ነው ብሎ የሚለየውን ነገር ይሰጣል፤ አንዱ የተላጠ እንጨት፣ አንዱ የጠርሙስ ቆርኪ፣ አንዱ ጠጠር። ከዚያ የትኛው የማን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ይጠራና አንዱን እዚህ መደብ፣ አንዱን እዚያ መደብ ላይ ያስቀምጣል። ሰውየው ምልክቱን ፈልጎ ሥጋውን ይወስዳል። ልጆቼ ብዙዎቹ ያንን ዕጣ በእጃቸው የጣሉ ናቸው፤ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።

ስለሚያውቁትም በማግስቱ፣ ዓርብ ዕለት፣ ይዘው የመጡት ሁሉ የሚለይ ነገር ነበር። ብይ፣ ዛጎል፣ የተሰበረ የሸክላ ገል፣ ሰማያዊ ዶቃ፣ የእርሳስ ቁራጭ፤ አንዱማ የወለቀ ጥርሱን በወረቀት ጠቅልሎ ነው ያመጣው። የጨው ነጋዴው ትንሿ ልጅ ይዛ መምጣት ረስታ ኖሮ ግቢው በር ላይ ስትነጫነጭ ደረስኩ። ወንድሟ ከሹራቡ ላይ ከቀሩት ሁለት ቁልፎች አንዱን በጥርሱ በጠሰና በመዳፏ ላይ አደረገላት። ቀይ ቁልፍ ነበር። እንዴት ደስ የሚል ልጅ ነው ብዬ አልፌ ገባሁ።

ሰሌዳችን በእግር የሚቆም ስለነበር ጣሳዎቹን ከጀርባው አስቀመጥኩ። አንድ በአንድ እየሄዱ ጥለው ይመለሳሉ። ማንም አያይም፣ ማንም አይናገርም ብዬ ደጋግሜ አስጠንቅቄያቸው ነበር፤ ምርጫ ምስጢር ነው እያልኩ ነው እንግዲህ። ትንንሾቹ እፍረት ይዟቸው በጣታቸው ጫፍ እየረገጡ ሄዱ። የጣሉት ነገር ሲንኳኳ ሌላው ይስቃል። የጨው ነጋዴው ልጅ ዶሮው ውስጥ ብዩን ጥሎ ሲመለስ ፊቱ ላይ ላብ ነበር።

ሁሉም ጥለው ሲጨርሱ ዳይሬክተሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በሩ ላይ ቆሙ። እኔም የጃንጥላውን ጣሳ አንስቼ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። ወዲያው ከፊት ያሉት ልጆች ብድግ ብድግ እያሉ ያቻትልህ የኔ፣ ያ ደግሞ የእሱ ነው፣ ያ ጥርስ የእገሌ ነው እየተባባሉ መጠቋቆም ጀመሩ።

የሠራሁት ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ቅርጫ ላይ ዕጣው የማን እንደሆነ መታወቅ አለበት፤ ምርጫ ላይ ደግሞ ፈጽሞ መታወቅ የለበትም። እኔ ሁለቱን አንድ ናቸው ብዬ አስተምሬ፣ የአርባ አንድ ልጅ ምስጢር ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። እጄን ሰድጄ ሁሉንም ወደ ጣሳው መመለስ እችል ነበር። አላደረግኩትም። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው እያዩኝ ነዋ፤ አላልኩሽም ወይ እንዳይሉኝ ብዬ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው መቁጠሬን ቀጠልኩ። በራሴ ከማፍርባቸው ነገሮች ይሄ ትንሹ አይደለም።

ጃንጥላ ሃያ አንድ ሆነ፣ ዶሮ ሃያ። ቀዩ ቁልፍ የነበረው ጃንጥላው ውስጥ ነው።

ልጁ አላለቀሰም። ቁልፉን አየ፣ እህቱን አየ፣ ሹራቡ ላይ ቁልፉ የነበረበትን ክር በጣቱ ነካ አደረገ። ከዚያ ደብተሩን ሰብስቦ ወደ ዴስኩ ጫፍ ተጠጋ። በመካከላቸው አንድ ልጅ የሚያስቀምጥ ቦታ ተከፈተ። ትንሿ አንገቷን ደፍታ የቀሚሷን ጫፍ ትጠቀልላለች። የወታደሩ ልጅ አለቃ ተብላ እየተጨበጨበላት፣ እሷም ራሷ ነገሩ አላማራትም፤ ቁልፉን አንስታ ወሰደችና ዴስካቸው ላይ አስቀመጠችው። የሚያነሣው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ደወል ሲደወል ልጁ ቀድሞ ወጣ። ትንሿ ግቢው በር ላይ ደርሳ ቆመች፤ አትወጣም፣ አትመለስም። ሄጄ እጇን ያዝኩና አብረን ወረድን። ቤታቸው ወደ ጦር ኃይሎች በሚያወርደው መንገድ ላይ ስለሆነ በገበያው በኩል፣ በሉካንዳዎቹ ጀርባ ማለፍ ግድ ነው። የተናደድኩት በልጁ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጨካኝ ነው እንዴ እያልኩ እየሄድኩ ሳለ ከፊታችን አየሁት። ድንጋይ ውርወራ ያህል ቀድሞን እየሄደ ነው። እኛ ስንዘገይ ይዘገያል። ሉካንዳዎቹ ጋ ሲደርስ ሁለት ድንጋይ አነሣና ውሾቹ ፊት ቆመ፤ ፊቱን ወደ እኛ አላዞረም። እስክናልፍ ድረስ ጠበቀ። ካለፍን በኋላ በሌላ በኩል ዞሮ እንደገና ቀደመን። እኔ በበኩሌ ዕንባዬ መጥቶ የመንገዱን ጭቃ እንኳ ማየት አቅቶኝ ነበር።

ቤታቸው ልንደርስ ስንል፣ ለምን እንዲያ እንዳደረገች ልጅቷን በቀስታ ጠየቅኋት። የምትመልስልኝ አልመሰለኝም ነበር።

«አለቃ ከሆነ ይቀራል» አለችኝ። «እኔን ማን ያሳልፈኛል?»

እኔ ስለ ተወዳዳሪዎቹ ጠባይ፣ ማን ጎበዝ ነው፣ ማን ታማኝ ነው እያልኩ ሳምንት ሙሉ ሳስተምር፣ ከአርባ አንዱ ልጆች ውስጥ አለቃው ስለሚሠራው ሥራ ቁጭ ብላ ያሰበች፣ የሚጠቅማትንና የሚጎዳትን የለየች እሷ አንዷ ናት። በማሠልጠኛው ቋንቋ ብናገር የክፍሉ ምርጥ መራጭ ነበረች። እንዲህ ብዬ እንዳላመሰግናት ደግሞ ዓይኗ በዕንባ ሞልቷል።

ሰኞ ጠዋት ልጁን ለብቻው ጠርቼ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ነገርኩት። የሰው ድምፅ ለሌላ ሰው የሚታይ ነገር አይደለም፤ እኔ ባልሳሳት ኖሮ አንተም አታየውም ነበር አልኩት። ሥጋቷንም አስረዳሁት። መሬት መሬቱን እያየ ሰማኝና፣ «ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?» አለኝ።

ደወሉ ተደወለና ወደ ክፍል ላክሁት። ማታ ቤቴ ሄጄ ሳስበው መልሱ እኔው ነኝ። አትነጋገሩ፣ ምስጢር ነው፣ ዝም ብላችሁ ጣሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ከመጣሉ በፊት መጠየቅ የሚባል ነገር እንዳለ አላስተማርኳቸውም። ድምፁን ምስጢር ማድረግ ሲገባኝ ጭንቀቱን ምስጢር አደረግሁት።

ምርጫው እንደገና ይሁን ብዬ ወደ ዳይሬክተሩ ስገባ ለወቀሳ ተዘጋጅቼ ነበር። አልወቀሱኝም። ቀደም ባለው የምክር ቤት ምርጫ ጣቢያ ላይ ተቀምጠው ሲጽፉ ስለዋሉ ያውቁታል፤ እንግዲያው የሚጣለው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን፣ አንቺም ከጣሳው ራቅ ብለሽ ቁሚ፣ የመምህር ዓይን ይከብዳል አሉኝ። ከወጣሁ በኋላ ጠርተው መለሱኝና፣ ስሕተትን ልጆች ፊት ማመን እሳቸውም እስከ ዛሬ እንዳልቻሉት ነገሩኝ። ፈሪ ያልኳቸው ሰው ይህን ሲሉኝ አንገቴን ደፋሁ።

የከበደኝ የወታደሩን ልጅ መጠየቅ ነው። ያሸነፈችውን ልቀማት ነው እንግዲህ። ነገሩን ሳስረዳት ቅንድቧን ሰብስባ ሰማችኝና፣ «ደግሜ ካሸነፍኩስ?» አለችኝ። ሁለት ጊዜ አሸነፍሽ ይባላል አልኳት። ይሄ ደስ ስላላት ተስማማች።

ረቡዕ ዕለት ልጆቹ ፊት ቆሜ ተሳስቻለሁ አልኩ። ዓይናቸው ፈጠጠ፤ መምህር ይሳሳታል ብሎ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ከዚያ ዛሬ ከመምረጣችሁ በፊት ሁለቱን የምትፈልጉትን ጠይቋቸው፣ አለቃ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ በሏቸው ብዬ ወንበሬን ወደ ጥግ ወስጄ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ አንዱ፣ ሳል ይዞኝ ሳስል እንደሚያወራ ሰው ትመዘግቡኛላችሁ ወይ አለ። ሌላዋ ሰሌዳ ማጥፋት ለሁላችንም ይድረሰን አለች። እየቆየ መንጫጫት ሆነ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ የክፍል ጫጫታ የለም።

በመጨረሻ ትንሿ እጇን አወጣች። ከዓርብ ጀምሮ ከወንድሟ ጋር አልተነጋገሩም። ስትነሣ ክፍሉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ፤ ልጆች ሁሉን ያውቃሉ። ወደ እሱ ሳታይ ወደ መስኮቱ እያየች ጠየቀችው።

«አለቃ ከሆንክ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ?»

እሄዳለሁ ቢላት ያልቅ ነበር። የምክር ቤቱ ሰዎች ግድግዳ ላይ ሆነው ለኮልፌ ሕዝብ ቃል የገቡትን ብታዩ፣ ከዚህ የሚበልጥ ስንት ነገር ነው። እሱ ግን ብዙ አሰበ። ጆሮው ቀላ።

«አልሄድም፣ መጥረግ አለ» አላት። «ግን በሩ ላይ ጠብቂኝ። ቶሎ እጨርሳለሁ።»

«ቶሎ?»

«ቶሎ።»

ተቀመጠች። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ባቄላ ሰጠኋቸው፤ ከገበያ ገዝቼ፣ ትልቅ ትንሹን ለይቼ፣ መልኩ አንድ የሆነውን ነው የመረጥኩት። ሄደው እየጣሉ ተመለሱ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ውጭ ውጭውን አያለሁ። ሲያልቅ ባቄላውን በሁለት ክምር ዘረገፍኩት፤ አርባ አንድ ባቄላ፣ አንዱ ከአንዱ አይለይም። የኔ የሚል ድምፅ አልተሰማም።

ጃንጥላ ሃያ አንድ፣ ዶሮ ሃያ።

ያው ቁጥር ነው። ትንሿ እንደገና ተወችው ማለት ነው፤ በሰው ሁሉ ፊት ጠይቃው፣ እውነቱን ነግሯት፣ ያም ሆኖ ተወችው ብዬ አሰብኩ። ልጁን ለማየት ፈርቼ ቆየሁና አየሁት። ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ያንን ደብተሩን ይዞ ከዴስኩ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ድሮ ቦታው ተጠጋ፤ ክርኑ የእህቱን ክርን ነካ። እሷ ግራ ገብቷት ቀና ብላ አየችው። አለቃዋ ጠመኔ ልታመጣ እየተንደረደረች ወጣች።

ደወል ሲደወል እህቱን በሩ ላይ ጠብቂኝ ብሎ ላካትና ወደ እኔ መጣ። ምንም ሽንፈት አይታይበትም።

«ሚስ፣ መርጣኛለች» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ማን ብዬ አልጠየቅኩትም። እንዴት አወቅህ አልኩት።

«ባለፈው ሃያ ነበርኩ፤ ዛሬም ሃያ ነኝ። ግን ዛሬ የራሴን ባቄላ ጃንጥላው ውስጥ ነው የከተትኩት። ሌላ ሰው ባይጨምርልኝ አሥራ ዘጠኝ ነበር የምሆነው።»

ለራስህ ለምን አልከተትክም አልኩት።

«ልጥል ስል ግቢው በር ላይ ብቻዋን ቆማ ስትጠብቀኝ በሐሳቤ ታየችኝ» አለኝ።

ሒሳብም የማስተምራቸው እኔ ነኝ። ሐሳቡን የለወጠው ሌላ ማንም ልጅ ሊሆን እንደሚችል፣ አንዱ ሄዶ ሌላው መጥቶም ሊሆን እንደሚችል፣ የእሱ ማስረጃ ማስረጃ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እህቱን ብጠይቃት ምን እንደምትለኝ ግን አላውቅም፤ ያኔም አልጠየቅኳት፣ ከዚያ በኋላም በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ አልጠየቅኳትም። ሒሳቡ ልክ ነው አልኩት። በመምህርነት ዘመኔ ልክ መሆኑን ሳላረጋግጥ ልክ ነው ያልኩት ሒሳብ ይሄ ብቻ ነው።

ሊወጣ ሲል ተመለሰና፣ ለማን እንደጣልኩ ልንገራት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ድምፅህ ያንተ ነው፣ ብትፈልግ ትናገረዋለህ፣ ባትፈልግ ማንም አያስገድድህም አልኩት።

«አልነግራትም» አለ። «ለራሴ እንዳልመረጥኩ ካወቀች የእሷ ባቄላ በከንቱ የቀረ ይመስላታል።»

እየሮጠ ሄደ። በመስኮት ሳያቸው ግቢውን እየወጡ ነበር። ትንሿ ደብተሯን ለእሱ አሸክማ፣ ባቄላ እንደሚጥል ሰው እጇን እያወናጨፈች አንድ ነገር ታስረዳዋለች፤ ተሟጋች ነገር ናት፣ ያላመናት መስሏት ቆም እያለች ትምላለች። እሱ ደግሞ ያን ወሬ ገና አሁን እንደሚሰማ ሰው ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣታል።